በማሲካ ዝናብ ወደ ዛንዚባር፦ ከሻንጣው እስከ ባሕሩ

ጉዞው ሳይቆረጥ

የታንዛኒያ ደሴት ዛንዚባር በሚያዝያ ርካሽ ናት። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ነው፤ ዝናብ። ደሴቲቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብባታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚወርደው ትልቁ ዝናብ ማሲካ ይባላል፤ ወደ ዓመቱ መጨረሻ፣ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል የሚመጣው ትንሹ ደግሞ ቩሊ። ማሲካ የሚበረታው ሚያዝያ ላይ ነው። እኔና እህቴ ከሥራ የምንላቀቅበት ጊዜ ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ወደቀ። ጾሙ ተፈትቷል፣ ፋሲካ አልፏል፣ ሌላ ክፍት ሳምንት የለንም።

«በዝናብ ደሴት ላይ ቁጭ ብለን ምን ልናይ ነው?» አለች ታላቄ። እታለም ነው የምላት። ገንዘቡን ስነግራት ግን ዝም አለች። በሐምሌና በነሐሴ እጅ የማያስቀምጡ ሆቴሎች በማሲካ ዋጋቸውን ይጥላሉ። ብዙዎቹ እንዲያውም ዘግተው ዕድሳት ይሠራሉ። ስለዚህ ዋጋው ከመጠን በላይ ካማረ፣ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው። ሆቴሉ በዚያ ሳምንት ክፍት ነው ወይ? ወጥ ቤቱ ይሠራል ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ? አንዱ ቤት ሁለተኛውን ጥያቄ ዘሎ ሌሎቹን ብቻ መለሰልኝ። እሱን ተውነው።

የት እንደር የሚለው ብዙ አከራከረን። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ባሕራቸው ብዙም አይሸሽም፤ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። ምሥራቁ ሌላ ነው። ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ ባሕሩ ሲጎድል ውኃው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዶ አሸዋውን ባዶ ይተወዋል። ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ ይሞላል። እታለም ዋና ስለማትችል ጥልቅ ውኃ አያጓጓትም። ጃምቢያኒን መረጥን። መጀመሪያ ግን ጥቂት ሌሊት በአሮጌው ከተማ፣ በስቶን ታውን፤ ዝናቡ ቢብስ ከተማ ውስጥ ጣሪያ አይጠፋም።

የወረቀት ሳምንት

ቪዛውን ቀደም ብለን በኢንተርኔት አመለከትን። ዶላሩን ባንክ ሄደን ፓስፖርት፣ ቲኬትና ቪዛ አሳይተን ወሰድን። እዚህ ላይ አንድ ነገር፤ ታንዛኒያ ውስጥ ከ2006 በፊት (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የታተመ ዶላር ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ገንዘብ ቆጣሪዋ ፊት ቆማችሁ ዓመተ ምሕረቱን ማየት አያሳፍርም። እኔ አንድ በአንድ አይቻለሁ።

ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የደሴቲቱን የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት አለበት፤ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ማለት አያድንም። ይሄም በኢንተርኔት ያልቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ቢጫ ካርዱ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከኛ አገር የሚነሳ ሰው ክትባቱን መወጋቱን ማሳየት ይጠበቅበታል። መርፌው የሚቆጠርላችሁ ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ በዋዜማው መሮጥ ዋጋ የለውም። ደግነቱ አንዴ ከተወጋችሁ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የእታለም ካርድ ላይ የጥንቱ የ10 ዓመት ገደብ ተጽፎ ነበርና ደንግጣ ነበር። ደንቡ ከተቀየረ ቆይቷል፤ ከ2016 ጀምሮ የድሮዎቹም ካርዶች ለዕድሜ ልክ ይሠራሉ።

ለተራው ወባ ደግሞ ሐኪም ጠየቅን። ዛንዚባር ወባን በጣም ቀንሳለች፤ ጨርሳ ግን አላጠፋችም። ዝናብ ደግሞ የትንኝ ወቅት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጠን ወባ የማናውቅ ሰዎች ሰውነታችን መከላከያ የለውም። ዶክሲሳይክሊን ታዘዘልን። ከመግባታችን አንድ ቀን በፊት ተጀምሮ፣ በየቀኑ ተውጦ፣ ከተመለስን በኋላም አራት ሳምንት የሚቀጥል ነው። ሆድ ስለሚያቃጥል ከምግብ ጋር በብዙ ውኃ ይዋጣል፤ ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል። «ጥቁር ሰው ፀሐይ ምን ያረገዋል» የሚለው የእታለም ፍልስፍና እዚህ ላይ አበቃ። ሰንስክሪን ተገዛ።

እሑድ ማታ፦ ሻንጣው

አልጋው ላይ ልብሱ ተከመረ። እማዬም ለምክር መጣች።

የአዲስ አበባ ሰው ዝናብ አውቃለሁ ነው የሚለው። ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዘን የምንውል ሰዎች ነን። የኛ ዝናብ ግን ብርድ አለው። የምንሸሸውም ለዚህ ነው። የደሴቲቱ ዝናብ ሙቅ ነው፤ ብትበሰብሱም አይበርዳችሁም። ችግሩ የበሰበሰው ነገር አለመድረቁ ነው። አየሩ ራሱ ውኃ የጠገበ ነው። ጠዋት የታጠበ ወፍራም ልብስ በማግስቱም ርጥብ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሽታ ያመጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ ያቀረብነው ጥያቄ «ይሞቃል ወይ?» አልነበረም። «ቶሎ ይደርቃል ወይ?» ነበር።

በዚህ ፈተና መጀመሪያ የወደቀው ጂንስ ነው። ቀጥሎ የእታለም ቡትስ። ቆዳ ጫማ እዚያ ይሻግታል። በምትኩ ነጠላ ጫማና ከውኃ ጋር የማይጣላ ጎማ ጫማ ያዝን። ጎማ ጫማው ለቅንጦት አይደለም፤ ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀረው ኮራል እግር ይቆርጣል፣ መርፌ የለበሱ የባሕር ጃርቶችም በየጉድጓዱ አሉ።

እማዬ ጋቢ አመጣች። «ሌሊት ቢበርዳችሁስ?»

«እማዬ፣ እዚያ ሌሊቱም ከ23፣ ከ24 ዲግሪ ብዙ አይወርድም።»

«ልጅቷ ቁጥር ትቆጥርልኛለች» ብላ ጋቢውን ሻንጣው ላይ አስቀመጠችው። ወጣች። እኔም አወጣሁት። ጋቢ አንዴ ከረጠበ ሻንጣውን ሁሉ ይዞ ይሞታል። ነጠላ ግን ሁለት ያዝን። ዛንዚባር ሕዝቧ በሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ ስቶን ታውን ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ ወጉ ነው። ነጠላ ትከሻ ይሸፍናል፣ ለፎጣነት ያገለግላል፣ ንፋስ ካገኘ በሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ለዝናባማ ደሴት ተብሎ የተሸመነ ነው የሚመስለው።

የዝናብ ካፖርት ወይስ ጃንጥላ? እኔ ጃንጥላ ነው የምለው። በዚያ ወበቅ ፕላስቲክ ካፖርት ለብሳችሁ ስትሄዱ ከውጭ ዝናቡ፣ ከውስጥ ላቡ ያበሰብሳችኋል። ካፖርት የሚጠቅመው ጀልባ ላይ ነው። አንድ ቀጭን ለሁለታችን ያዝን።

ፌስታል እንዳትይዙ። ታንዛኒያ ከሰኔ 2019 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት ከልክላለች። እኛ አገር ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ልማድ ስለሆነ እንደዘበት ሊያልፈን ይችላል። ለሻምፑና ለሳሙና የሚሆኑትን ዚፕ ያላቸውን ግልጽ ከረጢቶች ይዞ ገብቶ ይዞ መውጣት ግን ይፈቀዳል። ልብሱን በጨርቅ ከረጢት ለያየን። ስልኩን፣ ፓስፖርቱንና ገንዘቡን ደግሞ አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውኃ የማያስገባ ቦርሳ ውስጥ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን ርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች እታለም ሰብስባ ነበር። እነሱም ከካሜራው ጋር ገቡ።

የቀረው ቁርጥራጭ ነው። ቀጭን ገመድና የልብስ መቆንጠጫ። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አዳፕተር፣ ምክንያቱም ሶኬታቸው የእንግሊዝ ነው፤ የኛ ክብ እግር መሰኪያ አይገባም። ፓወር ባንክ፣ እሱም በእጅ ቦርሳ። ባትሪ። የትንኝ ቅባት። የተቅማጥ ጨው። እማዬ ደግሞ የገብስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያለ ክርክር አስገባች።

ማክሰኞ

በረራው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከአውሮፕላኑ በር ስንወጣ ሙቀቱ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። መነጽሬ ወዲያው በጉም ተሸፈነ። የካሜራም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከቀዝቃዛ ክፍል አውጥታችሁ ወዲያው ከከፈታችሁት ሌንሱ ይጨፈናል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ትንሽ ይሙቅ።

ቢጫ ካርድ ተጠየቅን፤ ኢንሹራንሱም ታየ። ውጭ ሰማዩ ጥቁር ነው፣ ዝናብ ግን የለም።

ባለ ታክሲው ለነገ ሲቀጥረን «በሁለት ሰዓት» አለ በስዋሂሊ። ከኛ ጋር የወረደው ፈረንጅ ግራ ገብቶት ስልኩን ያያል። እኛ ምንም አልደነቀንም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው፤ ሁለት ሰዓት ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። የሰዓት ክልላችንም አንድ ነው። በዚያች ደቂቃ እታለም አገሩን ወደደችው።

ረቡዕ

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ሲዘንብ ደግሞ አይዋሽም። የኛ ክረምት ቀስ ብሎ ይጀምርና ይውላል፤ ይሄ ግን ባልዲ ተደፋ ነው የሚባለው። ከዚያ በድንገት ይቆማል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ጣሪያው ሁሉ ያጨሳል።

የስቶን ታውን መንገዶች ሁለት ሰው ተያይዞ የማያሳልፉ ጠባብ ናቸው። ውኃው ሲሞላቸው የት ይረገጣል? መልሱን ከልጆች አየን። በየቤቱ ግድግዳ ሥር ከግንቡ ጋር አብሮ የተሠራ የድንጋይ መደብ አለ። ባራዛ ይሉታል። በደኅና ቀን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያወራሉ፣ ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋል። ዝናብ ሲመጣ መደቡ ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ ይሆናል። አንዲት ተማሪ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ግንቡን በሌላው እየዳበሰች፣ ከአንዱ ባራዛ ወደ ሌላው እየተሻገረች ከፊታችን ሄደች። እኛም ተከተልናት። እታለም አንዱን በር ላይ ያለ የነሐስ ጉልላት ጨብጣ ነው ያለፈችው። የነዚህ በሮች ጥርብ እንጨትና ጉልላት የከተማዋ ዝና ነው፤ በዝናብ ቀን መደገፊያም ናቸው።

ዝናብ ለዚች ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ቤቶቹ የተሠሩት በኮራል ድንጋይና በኖራ ነው። ኖራው ውኃ ሲጠጣ ግንቡ ይደክማል። በ1883 የተሠራው ቤይት አል አጃይብ፣ ማለትም የድንቆች ቤት የሚሉት ቤተ መንግሥት፣ በታኅሣሥ 2020 ከፊሉ ፈርሷል። ስቶን ታውን ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። መመዝገብ ግን ጣሪያ አይደፍንም።

ከሰዓት ጆውስ ኮርነር የሚሏት አደባባይ ላይ ቡና ጠጣን። ወንዶች ባራዛው ላይ ተቀምጠው ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ስለ ፖለቲካ ይጨቃጨቃሉ። ቡናው በትንሽ ሲኒ፣ ጥቁርና ጠንካራ። ጥሩ ነው። አቦል አይደለም እንጂ ከቶና አያንስም፤ ኢትዮጵያዊ ከዚህ በላይ አይመሰክርም።

ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ባሕሩ ዳር ይበላል። ለዝናብ ምሽት ኡሮጆ ነው ምርጡ። ማንጎና ሎሚ ያለበት ቢጫ ትኩስ ሾርባ ነው፤ ባጂያ፣ ድንችና የካሳቫ ጥብስ ይበተንበታል። ኮምጠጥ፣ ቃጠል ይላል። ሚጥሚጣ ይዘን ነበር፤ አላስፈለገንም።

ሐሙስ

ለዛሬ ያቀድነው ቻንጉ ደሴት ነበር። ትልልቅ ኤሊዎች ያሉባት፣ እስር ቤት ደሴት የምትባለው። እስር ቤቱ በ1890ዎቹ ቢሠራም ያገለገለው ለቢጫ ወባ ማቆያ ነው፤ በመርከብ የመጣ ሰው እዚያ ይቆይ ነበር። ቢጫ ካርዴን ይዤ ላያት ፈልጌ ነበር። ባለ ጀልባው ግን ባሕሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። ገንዘብ እያስፈለገው «ዛሬ አይሆንም» የሚል ባለ ጀልባ ካገኛችሁ አመስግኑት። በማሲካ የጀልባ ጉዞን ለመጨረሻ ቀን ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም፤ ቀድማችሁ ያዙ፣ ሲሰረዝ ሌላ ቀን ይኑራችሁ።

በምትኩ የአንግሊካን ካቴድራሉን አየን። በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ የቆመ ነው። ብዙ አላወራንም።

ዓርብ

ወደ ጃምቢያኒ። ዳላዳላ የሚሉት የሕዝብ ሚኒባስ፣ ቁጥር 309፣ በጥቂት ሽልንግ ያደርሳል፤ ሻንጣ ግን ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው። በዝናብ አይታሰብም። ታክሲ ያዝን። መንገድ ላይ ጆዛኒ ጫካ ገብተን ቀዩን ኮለበስ ጦጣ አየን። ከዛንዚባር በቀር የትም የለም። በካፊያው ተኮራምተው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ቀይ፣ ፊታቸው የተቆጣ ሽማግሌ። ትንኝ እንደ ጉድ ነው። ቅባቱ እዚህ ዋጋውን መለሰ።

ማታ ቆሎው ተከፈተ። ልሟል። ገብስ ቆሎ ያለ ድምፅ ሲታኘክ ምን ዓይነት ቅሬታ እንደሚያሳድር ያልቀመሰ አያውቀውም። ዳቦ ቆሎው በጠርሙስ ስለነበር ተርፏል። ለደረቅ ስንቅ ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ ያዙ።

ቅዳሜ

ጠዋት ባሕሩ የለም። እስከ አድማስ አሸዋና ኩሬ። በመካከሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር አረም ይለቅማሉ። ለሽያጭ የሚተከለው ይሄ አረም ደሴቲቱ የገባው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ሥራውን በአብዛኛው የያዙት ሴቶች ናቸው። ትንንሽ ካስማ ይተክላሉ፣ በካስማዎቹ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፣ ችግኙን ገመዱ ላይ ያስራሉ። ከአረሙ የሚወጣው ካራጊናን የሚባል ማወፈሪያ ለጥርስ ሳሙናና ለአይስክሬም ይሆናል።

አንዲት እናት ጋ ጠጋ ብለን «ሺካሞ» አልን፤ ለታላቅ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። «ማራሃባ» ብለው መለሱልን። የሆቴላችን ልጅ አስተረጎመልን። ማሲካ ለእሳቸው ክፉ ጊዜ ነው። አረሙ የሚሸጠው ደርቆ ነው፤ የተሰጣው ላይ ዝናብ ካረፈበት ይነጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። እያወራን ደመናው ጠቆረ። ወሬውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ሮጡና ከልጃቸው ጋር ስጡን በሸራ ሸፈኑ። እኛም አንዱን የሸራ ጫፍ ያዝን።

ልብስ ማድረቅን በተመለከተ አንድ ብልሃት ከእሳቸው ተምረናል። በባሕር ውኃ የረጠበ ልብስ እንዲሁ ቢሰጣ አይደርቅም። ጨው ከአየሩ ውኃ ይስባል። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ማስጣት። የዋና ልብሳችን ለምን ርጥብ ሆኖ እንደሚውል ያን ቀን ገባን።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። መብራት ጠፋ። ካርታ ተጫወትን። እታለም ሁሌም አሸነፈች።

ሰኞ

ተነሥተን መስኮት ስንከፍት ሰማዩ ታጥቧል። የስልኬ የአየር ትንበያ ግን አሁንም ደመናና መብረቅ ያሳየኛል። በማሲካ በየቀኑ ያንኑ ነው የሚያሳየው፤ ትርጉም የለውም። ከሱ የሚሻለው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ነው። እሱ አይሳሳትም፤ ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ፊት እየተገፋ ይሄዳል። ዛሬ ውኃው የሚሞላው ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምረን ገባን። ውኃው ለብ ያለ ነው። እታለም ደረቷ ድረስ ገብታ ቆማ ቀረች። ውጪ ብላት እንቢ አለች።

ሆቴሉ ውስጥ ከኛ ሌላ ሁለት እንግዶች ብቻ ናቸው። ዳርቻው ባዶ። ዓሣው ትኩስ፣ አስተናጋጁ አይቸኩልም። ዝናብ ለማይጠላ፣ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ መዋል ለማያናድደው ሰው ሚያዝያ አይከፋም። ለጫጉላ፣ ለጥልቅ ባሕር መጥለቅ፣ ወይም በዓመት አንዴ ብቻ ፈቃድ ለሚያገኝ ሰው ግን አልመክርም። እሱ ገንዘብ ጨምሮ ከሰኔ በኋላ ይሂድ።

አዲስ አበባ

ሻንጣው በረንዳ ላይ ተከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሳንጠቀምባቸው የተመለሱት ካፖርቱ፣ ሚጥሚጣውና እታለም ደብቃ የያዘችው ሹራብ ናቸው። ገመዱና መቆንጠጫው ግን አንድም ቀን ሥራ አልፈቱም።

ኪኒኑ አላለቀም። እታለም «ትንኙ እዚያ ቀረ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ ምን ያስውጠኛል?» ብላ ልትተው ነበር። ወባ ግን ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ነው የሚነሣው፤ አራቱ ሳምንት የተባለው ለዚህ ነው። በመጪዎቹ ወራት ትኩሳት ከያዛት ሐኪሙን መጀመሪያ የምትለው «ዛንዚባር ነበርኩ» እንደሆነ አስምያታለሁ።